10 ሚሊ ብሎን 10 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ ለምን አልገባ አለ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኜ ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። የአንድ ኮሮላ የዲናሞ ማሰሪያ ብሎን ጠፍቶብን፣ 10 ሚሊ ነው ተባልኩና ከመርካቶ ገዛሁ። አጠገቡ ያለው ብሎን በ14 መፍቻ ነው የሚፈታው፤ አዲሱ ግን 17 ጠየቀኝ። ሻጩ ‹ጭንቅላቱ ነው እንጂ 10 ያው 10 ነው› ብሎኝ ነበር። ሁለት ዙር በጣቴ ገባና ቆመ። በመፍቻ ስገፋው ትንሽ ሄደና ድንገት ላላ። ሳወጣው ጥርሱ መሃል የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ሞልቶበታል። 10 ከ10 እንዴት ይለያል? ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው 8.8 ምንድን ነው? ቀዳዳውንስ ምን ላድርገው?»

ወንድሜ፣ ሻጩ አልዋሸህም፤ የብሎኑን ስም ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። 10 የሚለው የውጪው ውፍረት ነው። የቀረው ግማሽ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት ነው፤ ፒች እንለዋለን። አንተ የገዛኸው ኤም 10 በ1.5 ነው (ኤም ማለት በሜትር ልክ የተሠራ ብሎን ነው)፤ ሞተሩ የሚፈልገው ደግሞ ኤም 10 በ1.25። ብሎኑን ሳላየው እንዲህ የምደፍረው ስለ መፍቻው በጻፍካት አንድ መስመር ነው። ነገሩ እዚያው ላይ ተነግሮህ ነበር።

በኛ ሙያ ብሎንን በመፍቻው መጥራት የቆየ ልማድ ነው። «የ13 ብሎን አቀብለኝ» ብሎ ያልጮኸ መካኒክ የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ እላለሁ። ለመፍታት ሲሆን ጉዳት የለውም፣ የምትፈልገው መፍቻውን ነውና። ለመግዛት ሲሆን ነው ጣጣው። 13 የጭንቅላቱ ስፋት ነው፤ ብሎኑ ራሱ ኤም 8 ነው። ኤም 6 የትም ቢሠራ አብዛኛውን ጊዜ በ10 መፍቻ ይፈታል። ከዚያ በላይ ግን አገር ከአገር ይለያያል። ኤም 8 በአውሮፓ 13፣ በጃፓን መኪና 12 ነው። ኤም 10 በድሮው የጀርመን ልክ 17፣ አይኤስኦ በሚባለው ዓለም አቀፍ ልክ 16፣ በጃፓን መኪና 14። ኤም 12 በጀርመን 19፣ በአይኤስኦ 18፣ በጃፓን መኪና ብዙ ጊዜ 17። እንግዲህ ሱቅ ገብተህ «የ17 ብሎን» ብትል፣ ባለሱቁ ኤም 10 ቢያወጣልህም ኤም 12 ቢያወጣልህም ትክክል ነው።

የጃፓን መኪና ላይ 14 ጭንቅላት ካየህ ኤም 10 ነው፤ ፒቹም በአብዛኛው 1.25 ነው። ከሱቅ ሳጥን የወጣ ባለ 17 ጭንቅላት ኤም 10 ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1.5 ነው። ጭንቅላት ማስረጃ አይሆንም፣ ጥቆማ ግን ይሆናል። መፍቻው ሲለወጥብህ «ሌላስ ምን ተለውጧል?» ብለህ መጠየቅ ነበረብህ።

አሁን ቀዳዳው ውስጥ የሆነውን እንይ። አንድ ወረቀት አግድም በሰያፍ ቆርጠህ እርሳስ ላይ ብትጠመጥመው፣ የተቆረጠው ጠርዝ እርሳሱን እየዞረ ሲወጣ ታያለህ። የብሎን ጥርስ ይኸው ነው፤ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ዳገት። አንድ ዙር ስታዞረው አንድ ፒች ይጓዛል። ያንተ ብሎን በዙር 1.5 ሚሊ መሄድ ይፈልጋል፤ ቀዳዳው የሚፈቅድለት 1.25 ነው። በመጀመሪያው ዙር 0.25 ሚሊ ተጣሉ፤ በሁለተኛው 0.5 ሆነ። ያኔ የብሎኑ ጥርስ ጫፍ ትይዩ የሚያገኘው ሸለቆውን መሆኑ ይቀርና የቀዳዳውን ጥርስ ገላ ይነክሳል።

ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልቆመም? በብሎንና በቀዳዳ መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ትንሽ ክፍተት ስላለ ነው። ኤም 10 ተብሎ የተሸጠ ብሎን በካሊፐር ብትለካው ድፍን 10 አታገኝም፤ በተለመደው ደረጃ ከ9.73 እስከ 9.97 ሚሊ ይፈቀድለታል። ያ ክፍተት ባይኖር ትክክለኛው ብሎን እንኳ በጣት አይገባም ነበር። ላልተመሳሰለው ብሎን ግን የሁለት ዙር እንግድነት ይሰጠዋል፤ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። «ጀምሮልኛል፣ ትንሽ ዝገት ይሆናል የያዘው» ይልና መፍቻ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በብረትና በአሉሚኒየም መካከል ነው፤ ማን እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው። «ድንገት ላላ» ያልከው ቅጽበት የቀዳዳው ጥርስ የተቆረጠበት ነው። ፍቅፋቂው የሞተሩ ጥርስ ነበር።

ሁለት ዓይነት ፒች ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱ ውፍረት አንድ ሰፊ ፒች አለው፤ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ጠባቦች። ሰፊው የተለመደው ስለሆነ በጽሑፍ እንኳ አይጠቀስም፤ ሥዕል ላይ ኤም 10 ብቻ ከተባለ 1.5 ማለት ነው። ኤም 6 በ1፣ ኤም 8 በ1.25፣ ኤም 12 በ1.75፣ ኤም 16 በ2፣ ኤም 20 በ2.5፣ ኤም 24 በ3 ይሄዳሉ። ጠባቡ ጥርስ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ የብሎኑን ሥጋ ብዙ አይበላም። ኤም 10 በ1.5 ጭነት የሚሸከምበት ስፋት 58 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1.25 ሲሠራ 61.2 ይደርሳል። ዳገቱም የለዘበ ስለሆነ በንዝረት ወደ ኋላ የመንሸራተት ጠባዩ ያነሰ ነው። መኪና ሠሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። በተቃራኒው ሰፊው ጥርስ አቧራም ትንሽ ዝገትም ይችላል፤ ቶሎ ይገባል፣ ተንጋዶ የመግባት ዕድሉ ያነሰ ነው፣ በለስላሳ ብረትም የተሻለ ይይዛል። እኔ ለበር፣ ለጣሪያ፣ ለወፍጮ መቆሚያ ስሠራ ጠባብ አልጠቀምም። ከ3 ዓመት በኋላ ዝጎ ሲመጣ የሚፈታው እኔው ነኝ።

አንድ የሚያምታታ ነገር ልንገርህ። 1.25 ለኤም 8 ሰፊው ነው፤ ለኤም 10ና ለኤም 12 ግን ጠባቡ። ካንዴላም ብዙ ጊዜ ኤም 14 በ1.25 ነው፤ ኤም 14 በራሱ ሰፊው 2 ነው። ስለዚህ «ጠባብ ጥርስ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ቁጥሩን ጥራ።

ያንተ ዓይነት ጥፋት በብዛት የሚደርሰው ጎሚስታ ጋ ነው። የኮሮላና የቪትዝ የጎማ ዳዶ ኤም 12 በ1.5 ነው። አሁን በከተማው የሞላው ሱዙኪ ዲዛየር ደግሞ ኤም 12 በ1.25። ሁለቱ ዳዶዎች አንድ ጣሳ ውስጥ ከተቀላቀሉ በዓይን መለየት ይከብዳል። አንድ ቀን አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቆሜ የሆነውን አየሁ። ልጁ ዳዶውን በጣቱ አንድ ዙር አስያዘና የአየር ማጥበቂያውን ደቀነበት። ድምፁ ከወትሮው ትንሽ ወፍራም ነበር፤ ያ ብቻ። ማጥበቂያው በጣት የሚሰማውን እምቢታ አይሰማም፤ በጉልበቱ ያልፈዋል። ባለመኪናው አመስግኖ ሄደ። በሳምንቱ ያ ጎማ ሲፈታ ዳዶው የተጠመዘዘበት የጎማው ብሎን ከነዳዶው ተጠምዝዞ ወጣ፤ አራት ብሎን ካለው ጎማ አንዱ። በጣቱ አራት አምስት ዙር አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ዳዶው ራሱ ይነግረው ነበር።

ከሜትሩ ቤተሰብ ውጭ ያለውን ኢንቹንም ማወቅ አለብህ፤ መርካቶ ላይ ሁሉም በአንድ ሳጥን ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የጥርስ ልክ አቀረበ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 ፊላደልፊያ ላይ 60 ዲግሪ ይሻላል አለ፤ ለመሥራትም ለመለካትም ይቀላልና። የሜትሩ ልክ በ1898 ዙሪክ ላይ በተደረገ ጉባኤ ሲቆም 60ውን ወሰደ። ስለዚህ የአሜሪካ ኢንችና ሜትር በማዕዘን አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በውፍረትና በፒች ነው። ይህ መልካቸውን ያመሳስለዋል። ከሁሉ የከፋው 5/16 ኢንች ነው። ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ነው፤ የኤም 8 ብሎን ደግሞ ከ7.76 እስከ 7.97 ይፈቀድለታል። ካሊፐርህ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ በውፍረት አይለያቸውም። በፒች ነው የምትይዘው፤ ኤም 8 አሥር ጥርስ 12.5 ሚሊ ይሞላል፣ 5/16 በሰፊው ጥርስ 14.1። የካሜራ መቆሚያ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎንም 1/4 ኢንች ናት፤ ኤም 6 መስላህ እንዳትገፋት። የውኃ ቧንቧ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የቧንቧ ጥርስ ከውጭ ሲለካ 21 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሜትር ብሎን ይዘህ እዚያ አትቅረብ።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ አደጋ አነሳለሁ፣ ምክንያቱም ያንተው ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የፊት መስታወቱ አየር ላይ ተነቅሎ ሄደ። ካፒቴኑ ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተሳበ፤ ሠራተኞቹ እግሩን ይዘው ቆዩ፣ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው፣ ካፒቴኑም በሕይወት ተረፈ። መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው 27 ሰዓት ያህል በፊት ነበር። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚፈለገው 0.66 ሚሊ ያህል የቀጠኑ ነበሩ፤ የቀሩት 6 ውፍረታቸው ልክ ሆኖ አጭር ነበሩ። የቀጠኑት ብሎኖች ፒች ከትክክለኞቹ ጋር አንድ ነበር፤ በኢንች 32 ጥርስ። ስለዚህ ያለ እምቢታ ገቡ። ብሎኖቹ የተመረጡት ከአሮጌው ጋር በዓይን ተነጻጽረው ነበር። ያንተ ብሎን ውፍረቱ ልክ፣ ፒቹ ስህተት ነበረና አስቀድሞ አስጠነቀቀህ፤ ፒቹ ልክ ሆኖ ውፍረቱ የሳሳ ብሎን ግን ምንም ሳይል ይገባል።

መለኪያ የለኝም እንዳትለኝ። ባለ ምላጭ የጥርስ መለኪያ ርካሽ ነው፣ ግዛ። እስከዚያው ግን ተራ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ጀምረህ አሥር ክፍተት ቁጠርና ርቀቱን ለ10 አካፍል፤ 15 ሚሊ ከሆነ 1.5፣ 12.5 ከሆነ 1.25። ጥርሶቹን ሳይሆን ክፍተቶቹን ቁጠር፤ ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚያ ላይ ነው፣ ዜሮ ብለህ ጀምር። ከዚያ የሚቀለው ደግሞ የምታውቀውን ብሎን ከማታውቀው ጎን ለጎን አስጠግተህ ጥርስ በጥርስ ማነካከስና ወደ መስኮት ብርሃን ማንሳት ነው። ፒቹ አንድ ከሆነ በመሃላቸው ብርሃን አይታይም። ካልሆነ መጀመሪያ ላይ ተነካክሰው መጨረሻ ላይ ይላቀቃሉ፤ ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ታየዋለህ። አንተ ጋ አጠገቡ ያለው ባለ 14 ጭንቅላት ብሎን አለ፤ ፈትተህ ከገዛኸው ጋር አነካክሰህ ብታይ ኖሮ አምስት ሰከንድ ነበር የሚፈጅብህ።

8.8 የጥንካሬው ስም ነው፤ ከልኩ ጋር ግንኙነት የለውም። የመጀመሪያውን ቁጥር በ100 አባዛ፤ 800። ብሎኑ ሳይበጠስ በካሬ ሚሊ ሜትር የሚሸከመው ኒውተን ነው፣ 80 ኪሎ ገደማ በለው። ሁለተኛው ቁጥር ከዚያ ምን ያህሉ ድረስ ሲሳብ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ይነግርሃል፤ 0.8 እጁ፣ ማለትም 640። ከዚያ ካለፈ ተስቦ ይቀራል፣ አይመለስም። ያንተ ኤም 10 በ58 ካሬ ሚሊ ሲሰላ 3.8 ቶን ገደማ እስኪደርስ ድረስ ጤነኛ ነው፤ 4.7 ቶን ላይ ይበጠሳል። ተመሳሳይ ልክ ያለው 4.6 ብሎን ግን 1.4 ቶን ላይ ይሳባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው ጭንቅላት ላይ ያለችው ጽሑፍ ብቻ ናት። ምንም ያልተጻፈበትን ብሎን እኔ ከደካማው ወገን እቆጥረዋለሁ። የማይዝገው ብሎን ላይ ኤ2-70 ወይም ኤ4-80 ታያለህ፤ ሰባና ሰማንያው 700ና 800 ማለት ነው። የቶዮታ ብሎን ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጠላ ቁጥር ነው የሚይዘው፣ 4 ወይም 7፤ ቁጥሩ ሲያድግ ጥንካሬው ያድጋል። ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር ሳይሆን በጨረር መልክ የወጡ ሰረዞች ካየህ የአሜሪካ ኢንች ብሎን ይዘሃል፤ ሦስት ሰረዝ መካከለኛው፣ ስድስት ሰረዝ ጠንካራው ነው። ይህም ሜትር አለመሆኑን ከሩቅ ይነግርሃል።

ብዙ ሰው የማይገነዘበው ብሎን የሚይዘው በመሳብ መሆኑን ነው። ስታጠብቀው በጣም በጥቂቱ ትለጥጠዋለህ፤ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ዕቃ አንድ ላይ ይጨምቃል። ኤም 10 በ8.8 ጥንካሬ ዘይት ሳይቀባ በብረት ላይ 49 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃል። ይህ በ25 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ መጫን ነው። ኤም 6 ግን 10 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው፣ በዚያው መፍቻ 4 ኪሎ። ጉልበተኛ ረዳት ኤም 6 የሚቆርጠው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ እጁ በ17 መፍቻ ስለለመደ ነው። ከምታወጣው ጉልበት ውስጥ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ከጭንቅላቱ ሥርና ከጥርሱ ጋር በመፋተግ ይጠፋል። ስለዚህ ዘይት የተቀባ ብሎን በዚያው ጉልበት አብዝቶ ይሳባል። መጽሐፉ ደረቅ ካለ ደረቅ አድርገው። አሉሚኒየም ላይ ሲሆን ደግሞ የኔን ቁጥር ተወውና የመኪናውን መጽሐፍ ተከተል።

ይህ ወደ ሌላ ስህተት ይወስደናል። ጥርስ ሲበላ «ጠንካራ ብሎን እንግዛ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ 12.9 ፈልጎ ይመጣል። የተበላው ግን ብሎኑ አይደለም፣ ቀዳዳው ነው። አሉሚኒየም ውስጥ የሚረዳህ ጥልቀት ነው። በብረት ዳዶ ውስጥ ብሎኑ የውፍረቱን 0.8 እጅ ያህል ቢይዝ ይበቃዋል፤ በአሉሚኒየም እስከ ሁለት እጥፍ እፈልጋለሁ። ለኤም 10፣ 20 ሚሊ ማለት ነው፤ በ1.25 ፒች 16 ዙር። ዕቃዎቹ ተገጣጥመው ሳለ ብሎኑን በጣትህ ስታስገባ ዙሩን ቁጠር፤ 6 ዙር ላይ ጭንቅላቱ ከተቀመጠ ብሎንህ አጭር ነው። የረዘመም እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ቀዳዳው ድፍን ከሆነ ጫፉ መጨረሻውን ይነካና የጠበቀ ይመስልሃል፣ ዲናሞው ግን ልቅ ነው። ርዝመት የሚለካው ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጫፍ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ዕቃው ውስጥ የሚሰምጥ ጭንቅላት ያለው ቪቴ ብቻ ከነጭንቅላቱ ይለካል።

አሁን ወደ ቀዳዳህ። በመጀመሪያ በባትሪ አብርተህ እየው፤ በአየር ንፋውና ፍቅፋቂውን አውጣ፣ ዓይንህን ሸፍን። በመፍቻ ምን ያህል ነበር ያስገባኸው? በጣት ከገባው ሁለት ዙር ጋር አራት ዙር ከሆነ 6 ሚሊ ያህል ነው የተጎዳው። ቀዳዳው ከዚያ በታች 14 ሚሊ ጤነኛ ጥርስ ካለው 11 ጥርስ ቀርቶልሃል። ኤም 10 በ1.25 ታፕ (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ማውጫ) ፈልግ፣ በእጅህ ብቻ፣ ላምባ እያንጠባጠብክ፣ ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያልክ ጥርሱን አጽዳው። ታፑን ቀጥ አድርጎ ማስጀመር ከሁሉ ይበልጣል፤ ከተንጋደደ የቀረውንም ታበላሻለህ። ከዚያ ታች ያለውን ጤነኛ ጥርስ እስኪደርስ ድረስ የሚረዝም ብሎን ግዛ። ዲናሞ ቀበቶው ይጎትተዋል፣ ሲንቀጠቀጥም ይውላል፤ ስለዚህ በሁለት ሦስት ጥርስ አታሳልፈው።

ከታች ድረስ ከተበላ ሁለት መንገድ አለ። እኔ የምመርጠው ሄሊኮይል የሚባለውን ነው፤ ቀዳዳው በራሱ ፑንታ ይሰፋል፣ በራሱ ታፕ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከዚያ የተጠመዘዘ የማይዝግ ሽቦ ይገባበታል። ውስጡ ተመልሶ ኤም 10 በ1.25 ይሆናል። በአሉሚኒየም ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠነክራል፤ ጭነቱ ወደ ሰፊ ጥርስ ስለሚሰራጭ። ሁለተኛው ወደ ኤም 12 ማሳደግ ነው፤ በ10.2 ፑንታ ትበሳና በኤም 12 በ1.75 ታፕ ታወጣለህ። ይህ ግን የዲናሞውን ጆሮ ቀዳዳም እንድታሰፋ ያስገድድሃል፤ የሞተሩ ግድግዳም ቀጭን ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። የፑንታውን ልክ ማስታወስ ከፈለግክ ከውፍረቱ ላይ ፒቹን ቀንስ፤ ኤም 6 በ5፣ ኤም 8 በ6.8፣ ኤም 10 በ8.5፣ ጠባቡ ኤም 10 በ8.8። በትራፓኖ በእጅ ይዘህ ሞተር ላይ ይህን አትሞክር። ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ ወይም ሰው አምጣ። ማጣበቂያ ሞልተን እንጠምዝዘው የሚልህን አትስማ።

ሱቅ ስትሄድ በቃል አትንገራቸው፣ ጻፈው፦ ኤም 10×1.25፣ ርዝመቱ፣ 8.8። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ የምንላቸውን ቃላት የወሰድነው ከጣሊያን ነው፤ ዕቃው ግን ከጃፓን፣ ከቻይናና ከጀርመን ይመጣል። ያ ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገናኝ ከአፍ ይልቅ ወረቀት ይሻላል። ባለሱቁ ፒች የሚባል አላውቅም ካለህ አትከራከረው፤ አጠገቡ ያለውን ባለ 14 ብሎን ይዘህ ሂድና እዚያው ቆመህ አነካክስ። የሚገጥም ዳዶም ይዘህ ሂድ። ዳዶው በአዲሱ ብሎን ላይ ከጫፍ እስከ ጭንቅላት በጣት ከሄደ ግዛው።

የገዛኸውን ብሎን ደግሞ አትጣለው። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ጤነኛ ኤም 10 በ1.5፣ 8.8 ብሎን ነው። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ከጎኑ ልኩን ጽፈህ አስቀምጠው። የጄኔሬተር መቆሚያ ወይም የወፍጮ ሞተር ሲመጣ ትፈልገዋለህ።